መኪናዬን በመርከብ ልልክ ነው፤ ከማስረከቤ በፊት ምን ላድርግ?

ተጓዧ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥራ ወደ ሌላ አገር ጠቅልለን ልንሄድ ነው። የቤት ዕቃውን ጉዳይ ጨርሰናል። የቀረችን መኪናዋ ናት። ልሸጣት አስቤ ነበር። ግን ጤነኛ ናት፣ ታሪኳን ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀዋለሁ። እንደሷ ያለች እዚያ ልግዛ ብል ደግሞ አቅሜ አይፈቅድም። ስለዚህ ይዣት ልሄድ ወስኛለሁ። 5 ሳምንት ቀርቶኛል።

የላኪው ድርጅት የሰጠኝ መመሪያ ግማሽ ገጽ ነው። መኪናው ንጹሕ ይሁን፣ ነዳጁ ይቀነስ፣ ውስጡ ዕቃ አይኑር ይላል፤ በቃ። ምን ያህል ንጹሕ? ምን ያህል ነዳጅ? ባትሪውስ ይነቀላል? ኮንቴነር ይሻላል ወይስ ሮሮ መርከብ? የላካችሁ ሰዎች እባካችሁ ንገሩኝ። የቤንዚን መኪና ናት፣ አውቶማቲክ፣ 9 ዓመቷ ነው።

የወደብ_ሰው

እህቴ፣ ወደብ ላይ መኪና መረከብ ለ11 ዓመት እንጀራዬ ነበር። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ሰው የሚፈራው ማዕበሉን ነው። እኔ ያየሁት ጉዳት ግን አብዛኛው ባሕር ላይ የደረሰ አይደለም። መኪናው ከባለቤቱ እጅ በወጣበት ቀን ወይም ተመልሶ እጁ በገባበት ቀን የተፈጠረ ነው። ያልተነሣ ፎቶ፣ ያልተጻፈ ጭረት፣ አንድ ፊደል የተሳሳተ የሻንሲ ቁጥር። ሰውን ሲያስለቅስ ያየሁት ይሄ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መኪናዋ እዚያ አገር መግባት ትችላለች? ይህን ሳያጣሩ ልከው ወደብ ላይ የቀረባቸው ሰዎች አውቃለሁ። የዕድሜ ገደብ ያላቸው አገሮች አሉ። መሪው በየትኛው በኩል እንደሆነ የሚጠይቁ አሉ። የጭስ ደረጃ የሚለኩም አሉ። ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው ከቀረጥ ነጻ የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፤ ግን ቅድመ ሁኔታ አላቸው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት እንዲህ ላለ ሰው መኪናውን ከቀረጥ ነጻ የሚያስገባው ቢያንስ 6 ወር በእጁ ሆኖ ሲጠቀምበት ከቆየ ነው። ከገባም በኋላ ለ12 ወር መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማዋስ አይቻልም። አንቺ የምትሄጂበት አገር የራሱ ደንብ አለው። ጉምሩኩን በጽሑፍ ጠይቂና መልሱን አትመሽ ያዢ። በስልክ የተነገረሽ ቃል ወደብ ላይ አያድንሽም።

አሁን ወደ ምርጫው። ሮሮ ማለት መኪናዋ እየተነዳች መርከቡ ውስጥ ገብታ የምትቆምበት ነው፤ ባለ ብዙ ፎቅ ጋራዥ በይው። መነሣት፣ መሄድና መቆም መቻል አለባት። ቁልፉ ከሷ ጋር ይሄዳል፤ የማታውቂያቸው ሰዎችም መሪዋን ይይዛሉ። በኮንቴነር ከሆነ ገብታ ትታሰርና በሩ ይታሸጋል። ባለ 20 ጫማው ውስጡ ርዝመቱ 5.9 ሜትር፣ ወርዱ 2.35 ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ መኪና ይበቃል፤ የአሽከርካሪውን በር ከፍቶ መውጣት ግን ጭንቅ ነው። ባለ 40 ጫማው 12 ሜትር ስለሆነ ሁለት መኪና ይይዛል።

የኔ ሐሳብ፦ ብቻዋን የምትሄድ ጤነኛ መኪና ከሆነች ሮሮ ይበቃታል። የማትነሣ፣ በጣም ዝቅ ያለች ወይም ለልብሽ በጣም የምትቀርብ ከሆነች ኮንቴነር ያዢ።

ጋራዥ_አለኝ

እኔ ስለ መካኒኩ ልናገር። 5 ሳምንት ጥሩ ጊዜ ነው፤ መጨረሻው ሳምንት ላይ ከሆነ ግን አይበቃሽም።

ዛሬ ማታ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሚና ሥሯ ሰፊ ካርቶን አንጥፊ። ጠዋት ካርቶኑን እይው። ጥቁር ወይም ቡናማ ጠብታ ዘይት ነው። ቀላ ያለ ከሆነ የካምቢዮ ዘይት ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ከሆነ የራዲያተር ነው። የምታፈስ መኪና ወደብ ላይ ልትመለስ ትችላለች፤ ሥሯ የቆመችው የሌላ ሰው መኪና ላይም ታንጠባጥባለች። የሚያፈሰውን ጉሚኒ መቀየር እዚህ ቀላል ነው። ወደብ ላይ ሲታወቅ ግን መርከቡ ጥሎሽ ይሄዳል።

ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ ብቻ ከሆነ ያለው አስደፍተሽ አንቲፍሪዝ ያለበት አስሞዪ። መርከቡ የት የት እንደሚያልፍና መኪናዋ የት እንደምትቆም አታውቂም። ውኃ ሲበርድ በረዶ ይሆናል፣ ሲፋፋ የሞተሩን ብሎክ ይሰነጥቃል።

ነዳጅን በተመለከተ፣ አደገኛ ዕቃ በባሕር የሚጓጓዝበት ዓለም አቀፍ ኮድ መኪናን ይመለከታል። ከአንድ አራተኛ ታንከር በላይ አይሁን የሚለው አሠራር ከዚያ የመጣ ነው። አራተኛው ግን ጣሪያ ነው። ብዙ ድርጅቶች ከዚያም ያነሰ ይፈልጋሉ። ጨርሰሽም አታድርቂው። ግቢ ውስጥ ደጋግመው ያንቀሳቅሷታል፤ የመርከቡ መወጣጫ ደግሞ ዳገት ነው። የነዳጁ መብራት ሊበራ ሲል ያለው መጠን ለሮሮ ተመችቶኝ ያውቃል።

ጎማውን በተለመደው አየር ሙዪው። ለጉዞው ብለው አየር የሚቀንሱ ሰዎች አሉ፤ ይሄ ስሕተት ነው። ኮንቴነር ውስጥ መኪናዋ የምትታሰረው በጎማዋ ከሆነ፣ ጎማው ሲሟሽሽ ገመዱ ይላላል።

ትንንሾቹንም አትርሺ። መኪናዋ ስትበላሽ የምትጎተትበት፣ ፓራውልቱ ላይ የሚጠመዘዝ ቀለበት አለ፤ ከክሪኩ ጋር በቦታው ይኑር። የቸርኬ ብሎኖችሽ ልዩ ቁልፍ ካላቸው እሱም እዚያው ይቀመጥ። ማስጠንቀቂያ ጩኸቷን አጥፊው፤ ሦስት ሳምንት እየጮኸች ባትሪዋን ትጨርሳለች።

በኮንቴነር_የላክሁ

እኔ ደግሞ የኮንቴነር ወገን ነኝ። የመኪናዬ በር ከተዘጋ በኋላ ማንም አልነካውም፤ ያ እረፍት በገንዘብ አይተመንም። ኮንቴነር ከሆነ የባትሪውን የኔጌቲቭ ገመድ ፍቱና ጫፉን በፕላስተር ጠቅልሉት። ከመፍታታችሁ በፊት ሬዲዮው ኮድ ከጠየቀ ኮዱን ጻፉ። በሮሮ ከሆነ ግን ባትሪውን እንዳትነኩት፤ ሠራተኞቹ ሞተሩን ማስነሣት አለባቸው። ይህን አንዱን ከአንዱ የቀላቀለ ዘመድ አለኝ፤ ፈትቶ አስረክቦ ከወደብ ተደውሎለታል።

ሲታሰር ቆማችሁ እዩ። ይፈቀዳል፤ ጠይቁ። ጎማው ፊትና ኋላ እንጨት ተሰክቶ ወለሉ ላይ በምስማር መመታት አለበት። ገመዱ በአራቱም ማዕዘን በሰያፍ ወደ ወለሉ ቀለበት ይወጠር። መርከብ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይንገላታል። ከዚያ የማኅተሙን ቁጥር ፎቶ አንሡ። እዚያ ሲደርስ ያው ቁጥር መሆኑን ታረጋግጣላችሁ።

ሻንጣ_በዝቶብኝ

ለምን ማንም አይጠቅሰውም? የኋላ ሻንጣዋን ሞልታ፣ ብርድ ልብስ አልብሳ መላክ ትችላለች እኮ። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ባዶ መኪና መላክ ብክነት ነው።

የወደብ_ሰው

ወንድሜ፣ ይህን ምክር እባክህ አትስጥ። ሮሮ ላይ ቁልፉ ከመኪናው ጋር ነው። መኪናው ግቢ ውስጥ ቀናት ይቆማል፣ ብርድ ልብሱን ያየ ሁሉ ሥሩ ምን እንዳለ ይገምታል። ኢንሹራንሱ የመኪናውን እንጂ የዕቃውን አይከፍልህም። ከሁሉ የሚብሰው ጉምሩክ ነው። ሰነዱ አንድ መኪና ይላል፤ ሻንጣው ሲከፈት ያልተመዘገበ ዕቃ ተገኘ። ከዚያ በኋላ መኪናው ራሱ ይያዛል፤ ባለቤቱ ቅጣት ይጠየቃል። አንድ የልጅ ጋሪ ለማትረፍ መኪናውን አታጋልጥ።

ኮንቴነር ከሆነ ዕቃ መጫን ይቻላል፤ ግን አንድ በአንድ ዝርዝር ተጽፎ።

ደግሞ ከመኪናዋ የሚወጣውን ልጨምር። የአውራ ጎዳና ክፍያ የሚቆርጥ መለያ መስታወቷ ላይ ካለ ንቀይው፤ መኪናዋ በሌላ መኪና ተጭና ስታልፍ እንኳን ሊቆርጥብሽ ይችላል። የጋራዥ መክፈቻ፣ መነጽር፣ የልጅ ወንበር፣ ቤትሽ አድራሻ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉም ይውጣ። አንድ ቁልፍ ብቻ ስጪ። ሌላው ኪስሽ ውስጥ ይሁን።

ሁለቴ_ያሳጠብሁ

ንጹሕ የሚለው ቃል ላይ ልቆይ፤ እኔን ያስከፈለኝ እሱ ነው።

እኛ የላክነው ወደ ኒውዚላንድ ነበር። ኒውዚላንድና አውስትራሊያ በአፈር፣ በዘርና በነፍሳት ላይ በጣም ጥብቅ ናቸው። ሲነካ የሚሸት ቡናማ ነፍሳት አለ፤ ከሴፕቴምበር እስከ ኤፕሪል ድረስ ለሱ ብቻ የተለየ ቁጥጥር አላቸው። ብርድ ሲመጣ መጠለያ እየፈለገ መኪና ውስጥ ይሸሸጋል። እርሻ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ካነበብሁ በኋላ ጥብቅነታቸውን አልተቃወምሁም።

መኪናችንን ከመላካችን በፊት አሳጥበናል። ታበራ ነበር። እዚያ ስትደርስ የኋላው ፓራፋንጎ ሥር የደረቀ ጭቃ፣ ስኮርታ ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ የሣር ዘር ተገኘ። እንደገና በእኛ ወጪ ታጠበች፣ እንደገና ታየች። ሳምንት ሄደ።

ስለዚህ አጣቢውን አብረሽው ቆመሽ አሳዪው። መኪናዋ በክሪክ ብድግ ትበል። ሥሯ በግፊት ውኃ ይታጠብ። የጎማው ማቀፊያ በእጅ ይዳሰስ። ኮፈኑ ተከፍቶ የፊት መስታወቱ ሥር የሚጠራቀመው ቅጠል ይልቀም። ራዲያተሩ ላይ የተጣበቁ ነፍሳት ይውጡ። ምንጣፉ ተነሥቶ ሥሩ ይጠረግ። ስኮርታ ጎማው ወጥቶ ጉድጓዱ ይጸዳ። የኤርኮንዲሽኑ ፊልትሮም ይቀየር። የምትሄጂበት አገር እንደዚያ ጥብቅ ባይሆን እንኳ የታጠበች መኪና ላይ ጭረቱ ይታያል። አቧራ የለበሰች መኪና የሚረከብ ሰው ጭረቱን አያይም፤ ኋላም አንቺ ይሄ ጭረት አልነበረም ብለሽ ማሳየት አትችዪም።

ጋራዥ_አለኝ

በዚህ ላይ ትንሽ ልጨምር። ጣሪያዋ ላይ ፖርቶ መጋላ ካለ አውርጂው። ሮሮ ላይ ዋጋው ብዙውን ጊዜ በኪዩቢክ ሜትር ይሰላል፤ ርዝመት ሲባዛ በወርድ ሲባዛ በከፍታ። 4.5 ሜትር ርዝመት፣ 1.8 ወርድ፣ 1.5 ከፍታ ያላት መኪና 12.15 ኪዩቢክ ሜትር ናት። 20 ሳንቲሜትር ፖርቶ መጋላ ቢጨመርባት 13.77 ትሆናለች። ለአየር ነው የምትከፍዪው።

ሰነድ_አዘጋጅ

ሥራዬ ትራንዚት ነው። ጎማና ባትሪ በደንብ ተነግሯል። እኔ ሰው የሚንቀውን ላንሣ፤ ወረቀቱን።

የሻንሲ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። መኪናዋ ላይ ያለውን ራስሽ አንብቢ፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዪ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ በዚህ ቁጥር ውስጥ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የላቲን ፊደላት በፍጹም አይገቡም። ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ተብሎ ነው። ስለዚህ ሰነድሽ ላይ ኦ ካየሽ ስሕተት ነው፤ ዜሮ መሆን አለበት። በዚች አንዲት ፊደል ምክንያት ሁለት ሳምንት የቆመ መኪና በእጄ አልፏል።

በባንክ ብድር የተገዛች ከሆነች ባንኩ ከአገር እንድትወጣ የፈቀደበት ደብዳቤ ያስፈልግሻል። ይህን ዛሬ ጀምሪ፤ ባንክ አይቸኩልም።

ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባለው ሰነድ የመኪናሽ መውጫ ነው። ኦሪጅናል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቅጂ ይወጣል፤ ቢያንስ አንዱ እዚያ ካልቀረበ መኪናዋ አትለቀቅም። ወረቀቱ በፖስታ እስኪደርስ መኪናዋ ቀድማ ትገባና ግቢ ውስጥ ትቆማለች። ነጻ የተሰጠው ጥቂት ቀን ያልቅና በየቀኑ የማቆያ ክፍያ ይቆጠራል። ለራስሽ የምትልኪው መኪና ስለሆነ ቴሌክስ ሪሊዝ ወይም ሲ ዌይቢል ይደረግልኝ በዪ። ኦሪጅናል ወረቀት ሳይጠበቅ ትለቀቃለች።

አሁን ኢንሹራንስ። የመርከቡ ድርጅት ተጠያቂ ነው ብለሽ አትተኚ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የሔግ ቪዝቢ ደንብ ኃላፊነቱን በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ ወይም ለአንድ ጭነት 666.67 ኤስዲአር፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ይገድበዋል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። 1500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ብትጠፋ ጣሪያው 3000 ኤስዲአር ነው። የመኪናሽን ዋጋ ከዚህ ጋር አስተያዪው። ያውም መርከበኞቹ ባጠፉት የአነዳድ ስሕተት ከሆነ ደንቡ ከኃላፊነት ነጻ ያደርጋቸዋል።

የጋራ መዋጮ የሚባልም አለ። መርከቡ አደጋ ላይ ሲወድቅ ለማትረፍ የወጣውን ወጪ የጭነቱ ባለቤቶች ሁሉ ይካፈላሉ። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው የኮንቴነር መርከብ ስዊዝ ቦይ ላይ ተቀርቅራ ስትቆም ይኸው ታውጇል። ዕቃቸው ምንም ያልሆነባቸው ሰዎች እንኳ ዋስትና ሳያቀርቡ ዕቃቸውን ማግኘት አልቻሉም። ኢንሹራንስ ያለው ሰው ዋስትናውን ኢንሹራንሱ ይሰጥለታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ደግሞ ፊሊሲቲ ኤስ ወደ 4000 የሚጠጋ መኪና እንደጫነች ተቃጥላ አትላንቲክ ላይ ሰመጠች። ላስፈራሽ አይደለም፤ እንዲህ ዓይነቱ ጥቂት ነው። ግን ውሉን አንብቢ። አንዳንዱ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትጠፋ ብቻ ይከፍላል። አንዳንዱ ያገለገለ መኪና ላይ ጭረትን አይሸፍንም።

በኤሌክትሪክ_የምሄድ

ይቅርታ፣ ርዕሱን ማስፋት አልፈልግም። የኤሌክትሪክ መኪናስ?

የወደብ_ሰው

አስቀድመህ አሳውቅ፤ ይሄ ዋናው ነው። ሁሉም መርከብ አይቀበልም። የቻርጅ መጠን ገደብ ያወጣሉ፤ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 50 በመቶ መካከል። ተጋጭቶ የሚያውቅ ወይም ባትሪው የተጎዳ ከሆነ አትላከው፤ የእሳት ጉዳይ ነው። በመተግበሪያህ ደጋግመህ አትክፈተው፤ ባየኸው ቁጥር መኪናው ይነቃና ቻርጁን ይበላል። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪም አለች፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ በሩ ላይከፈትልህ ይችላል። በእጅ የሚከፈትበትን መንገድ አትመህ መስታወቱ ላይ ለጥፍ።

ተጓዧ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት አስረከብኋት፤ በሮሮ ነው። የሆነውን ልንገራችሁ።

ካርቶኑ ሠርቷል። ሁለት ጥቁር ጠብታ ነበረበት፤ የዘይት መድፊያው ጉሚኒ ሆኖ ተገኘ፣ ተቀየረ። ሊብሬዬ ትክክል ነበር፤ የላኪው ድርጅት ያዘጋጀው ሰነድ ላይ ግን 8 የነበረው ቢ ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሰነድ_አዘጋጅ ባትነግሪኝ ኖሮ አላየውም ነበር።

ተቀባዩ ፎርሙ ላይ በጥቅሉ ያገለገለ፣ ጭረት ያለበት ብሎ ሊጽፍ ነበር። በትሕትና ከለከልሁት። የቱ ጋ? አልሁት። አብረን ዞርናት። ሁለት ጭረትና አንድ የተሰረጎደ ቦታ አገኘን፤ በቦታቸው ተጻፉ። 46 ፎቶ አንሥቻለሁ። ጣሪያዋን፣ ቸርኬዎቿን፣ ኪሎሜትሯን፣ የነዳጅ ቀስቷን፣ የሻንሲ ቁጥሯን።

የእጅ ፍሬኑን ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቅ ያዢው አሉኝ። ይጣበቅ ይሆን?

ጋራዥ_አለኝ

ይያዝ። መርከብ ላይ ያለ ፍሬን የቆመች መኪና ከመጣበቅ የባሰ ነገር ታደርጋለች። ስትረከቢያት ቢጣበቅ እንኳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ ብለሽ ስታንቀሳቅሻት ብዙ ጊዜ ይለቃል።

ተጓዧ

ከ7 ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ።

መኪናዬ ደርሳለች። ግቢ ውስጥ ሳያት ዕንባዬ መጣ። ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት ፎቶዎቼን ከፍቼ ዞርኋት። የኋላ ቀኝ ፓራውልት ላይ አዲስ ጭረት አለ፤ የግራው ስፖኪዮም ተሰንጥቋል። ሰውየው ፈርሚና ኋላ ታመለክቻለሽ አለኝ። አልፈረምሁም። መረከቢያው ላይ ሁለቱን ጽፌ፣ እሱም ካየው በኋላ ፈረምሁ። በዚያው ቀን ለመርከቡ ድርጅትም ለኢንሹራንሱም በኢሜይል ላክሁ። ኢንሹራንሱ ስፖኪዮውን እከፍላለሁ ብሏል፤ ጭረቱን ውሉ አይሸፍንም።

ሰነድ_አዘጋጅ

ጎበዝ! መረከቢያው ላይ መጻፍሽ ነው ያዳነሽ። ሌሎች ለምታነቡት፦ ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ከሆነ ስትረከቡ በጽሑፍ ይገለጽ። ተደብቆ ኋላ የተገኘ ከሆነ በሔግ ቪዝቢ ደንብ 3 ቀን ነው ያላችሁ። ክስ ለመመሥረት ደግሞ 1 ዓመት።

በኮንቴነር_የላክሁ

ተነሣች ወይ? ፍሬኑስ?

ተጓዧ

ባትሪዋ ደክሞ ነበር፤ በሌላ ባትሪ አስነሣናት። ፍሬኑ አልተጣበቀም። ዲስኮቹ ዝገው ስለነበር መጀመሪያ ሲያዝ ይፋጭ ነበር፤ ቀስ ብዬ ጥቂት ኪሎሜትር ስነዳት ጠፋ። የጎማ አየር ሞልቼ፣ ሥሯን አሳጥቤ፣ ነዳጅ ሞላሁ። ታርጋና ኢንሹራንሷን ቀድሜ ስላወጣሁ ከወደብ በራሴ ነድቼ ነው የወጣሁት። አሁን በር ላይ ቆማለች።